አንድ ቀን ኢመርጀንሲ ሩም፣ አራት ቢል፦ የትኛው ይከፈላል?

ሹፌር_ሲልቨርስፕሪንግ

ሰላም ወገኖች። የሜሪላንድን የሕክምና ቢል አሠራር የምታውቁ ሰዎች እንድታማክሩኝ ነው። ባለቤቴ በድንገተኛ የሆድ ሕመም 911 ተደውሎላት ኢመርጀንሲ ሩም ገብታ ነበር። ሲቲ ስካን ተነሣች፣ ግሉኮስ ተደረገላት፣ በማግስቱ ወጣች፤ አሁን ደህና ናት። ኢንሹራንሳችን ከሜሪላንድ ሄልዝ ኮኔክሽን (የስቴቱ የኢንሹራንስ ማርኬትፕሌስ) የተገዛ ሲልቨር ፕላን ነው። እስካሁን የመጣው ይኸውላችሁ፦

ሆስፒታሉ፦ ዋጋው 7,260 ዶላር፣ ኢንሹራንስ ከፍሎ ከእኛ የሚፈለገው 4,652።
የኢመርጀንሲ ሐኪሙ ድርጅት (ከሆስፒታሉ የተለየ ነው)፦ ዋጋው 1,486፣ ኢንሹራንስ የከፈለው 410፣ ከእኛ የሚጠየቀው 1,076። ኢኦቢው (ኢንሹራንሱ የሚልከው የሒሳብ መግለጫ) ላይ ግን የእኛ ድርሻ 102.50 ይላል።
ሲቲ ስካኑን ያነበበው ራዲዮሎጂስት፦ 318። ኢንሹራንሱ ምንም አልከፈለም።
አምቡላንስ፦ 890።

በዲቪ ከመጣን ሁለት ዓመት አልፎናል፣ ከሁለት ልጆች ጋር አራት ነን። ሥራዬ ኡበርና ሊፍት ነው። የ2025 1099-ኬ (አፖቹ ለታክስ የሚልኩት የዓመት ገቢ መግለጫ) 79,400 ዶላር ይላል፤ ታክስ ሲሠራ የተጣራው 41,200 ነው። ለማርኬትፕሌሱ የተሞላው 79,400ው ነው።

በክሬዲት ካርድ ከፍዬ ልገላገል ወይስ ልደራደር? በወር 20 ዶላር ከላክህ ኮሌክሽን (ለዕዳ ሰብሳቢ ድርጅት) አይሰጡህም የሚባለውስ እውነት ነው? ዕርዳታ ብጠይቅ ግሪን ካርዳችንን ይነካብናል?

ቢል_አንባቢ

ወንድሜ፣ እንኳን ተሻላት። ካርዱን ኪስህ መልሰው። ለሆስፒታል ዕዳ ሕጉ ያስቀመጠው የጊዜ ገደብና ጥበቃ ባንኩን አይመለከተውም፤ ካርድ ላይ ያወጣኸው ገንዘብ በጊዜው ሙሉ በሙሉ ካልተከፈለ ወለድ የሚበላ ተራ ዕዳ ነው። አንዳንድ የሐኪም ቢሮ የሚያቀርበው "ለ12 ወር ወለድ የለውም" የሚባለው የሕክምና ካርድ ደግሞ ይብሳል፦ በ12ኛው ወር መጨረሻ ትንሽ እንኳ ከቀረህ ወለዱን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይቆጥሩብሃል።

አራቱ ወረቀቶች ከአንድ ሕመም ይምጡ እንጂ መውጫቸው ለየቅል ነው። ከየትኛውም በፊት ግን ኢኦቢውን፣ ማለትም ኢንሹራንሱ "ይህ ቢል አይደለም" ብሎ የሚልከውን ወረቀት፣ ከቢሉ ጎን አስቀምጠው። የሚታዩት ቁጥሮች አራት ናቸው፦ የተጠየቀው፣ ኢንሹራንሱ የተቀበለው ዋጋ፣ ኢንሹራንሱ የከፈለው፣ የአንተ ድርሻ። ቢሉ ላይ የተጠየቅኸው ኢኦቢው ላይ ካለው "የአንተ ድርሻ" ከበለጠ ትርፉ እስኪጣራ አይከፈልም። ኢኦቢው ገና ካልደረሰ ቢሉ ለጊዜው ይቀመጥ።

የሆስፒታሉን ስናይ ሒሳቡ ይገጥማል። 4,000 ዲደክቲብል (ኢንሹራንሱ መክፈል ከመጀመሩ በፊት ከኪስ የሚከፈለው)፣ ከቀሪው 3,260 ላይ 20 በመቶ ኮኢንሹራንስ (የአንተ መቶኛ ድርሻ) ማለት 652፣ ድምሩ 4,652። ያም ሆኖ ሙሉውን ላትከፍለው ትችላለህ።

ድርድሩን ተወው። በሜሪላንድ የሆስፒታል ዋጋ የሚተመነው ኤች ኤስ ሲ አር ሲ በሚባለው የስቴቱ ኮሚሽን ነው፤ ኢንሹራንስ ያለውም የሌለውም የሚጠየቀው ዋጋ ተቀራራቢ ነው። ዩቱብ ላይ "ካሽ እከፍላለሁ፣ ግማሹን ቀንሱልኝ በሏቸው" የሚሉት ምክር ለሌላ ስቴት ሊሠራ ይችላል። እዚህ ስልኩን የሚያነሳልህ ሠራተኛ ዋጋ የመቁረጥ ሥልጣን ስለሌለው ጉልበትህን አትጨርስ። የተከፈተው በር ፋይናንሻል አሲስታንስ ነው። በስቴቱ ሕግ ገቢው ከፌዴራል የድህነት መስፈርት 200 በመቶ ያልበለጠ ቤተሰብ አስፈላጊ የሆስፒታል ሕክምና በነፃ ያገኛል፤ ከ200 እስከ 300 በመቶ ላለው ቅናሽ አለ። የ2025 መስፈርት ለአራት ሰው 32,150 ዶላር ነው (በየዓመቱ ጃንዋሪ ላይ ይስተካከላል)፤ እጥፉ 64,300 ይመጣል። አንተ በ41,200 ከዚያ በታች ነህ። በ79,400 ብትሞላው ግን በላይ ትሆናለህ። ቅጹ ላይ የትኛው ቁጥር እንደሚጻፍ የታክሱን ነገር የሚያውቅ ሰው ቢያብራራው ይሻላል።

ኢንሹራንስ ስላለን አንጠይቅም የሚል ብዙ ሰው አለ። የሆስፒታሎቹ ፖሊሲ በአብዛኛው ዲደክቲብልና ኮኢንሹራንስንም ይሸፍናል።

አካሄዱ እንዲህ ነው፦ የሆስፒታሉ ድረ ገጽ ላይ ፖሊሲውና ማመልከቻው ይገኛል፤ ካጣኸው ደውለህ በፖስታ ላኩልኝ በል፣ ያለ ክፍያ የመላክ ግዴታ አለባቸው። በዚያው ስልክ "ማመልከቻ እያስገባሁ ነው፣ አካውንቱን ሆልድ ላይ አድርጉት" በላቸው። የሠራተኛውን ስም፣ ቀኑንና የጥሪውን ሪፈረንስ ቁጥር ጻፍ። ከማመልከቻው ጋር የታክስ 1040 ከነሼጁል ሲ (የግል ሥራ ገቢና ወጪ የሚሞላበት ቅጽ)፣ መታወቂያ፣ የአድራሻ ማስረጃ፣ የኢኦቢው ኮፒ ይሄዳል። አንዳንዱ ሆስፒታል የባንክ ስቴትመንትም ይጠይቃል። ፊርማ የጎደለው ወይም ገጽ የተዘለለ ማመልከቻ "ያልተሟላ" ተብሎ ይቀመጣል፤ በገቢ ሳይሆን በዚህ የሚወድቅ ማመልከቻ ብዙ ነው።

ጊዜውን በተመለከተ፣ ለትርፍ ያልቆመ ሆስፒታል በፌዴራል የታክስ ሕግ 501(አር) መሠረት ከመጀመሪያው ቢል ቀን ጀምሮ እስከ 240 ቀን ማመልከቻህን መቀበል አለበት። በመጀመሪያዎቹ 120 ቀናት ሊከስህ ወይም ለክሬዲት ቢሮ ሊያስተላልፍህ አይችልም፤ ከዚያም በኋላ ቢሆን የ30 ቀን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት። ማመልከቻው ከጸደቀ ቀድመህ የከፈልከው ትርፍ ይመለስልሃል።

አንድ ወጥመድ አለ፦ ይህ ሁሉ የሆስፒታሉን ቢል ብቻ የሚመለከት ሊሆን ይችላል። ፖሊሲው እዚያው ሆስፒታል ከሚሠሩት ሐኪሞች የትኞቹን እንደሚሸፍን፣ የትኞቹን እንደማይሸፍን የሚያሳይ ዝርዝር ሊኖረው ግድ ነው። ብዙ ጊዜ ፖሊሲው መጨረሻ ላይ ወይም ለብቻው በፒዲኤፍ ይገኛል። የኢመርጀንሲ ሐኪሙ ድርጅትና ራዲዮሎጂው እዚያ ውስጥ ካሉ ሦስቱም ቢል በአንድ ማመልከቻ ያልቃል። ስለዚህ 102.50ውንም ቢሆን ዝርዝሩን ሳታይ አትላክ።

አሌክሳንድሪያ_22

የ20 ዶላሩ ነገር እውነት ነው። የሚከፍልን ሰው ኮሌክሽን መስጠት አይችሉም፣ ሕግ ነው። ትንሽ ትንሽ እያልክ ላክላቸው፣ ዝም ይላሉ።

ኮድ_ቆጣሪ

አሌክሳንድሪያ፣ እንዲህ ያለ ሕግ የለም። ያልተስማሙበትን 20 ዶላር ተቀብለው ቀሪውን ኮሌክሽን ሊሰጡት ይችላሉ፤ በየቀኑ የሚደረግ ነገር ነው። ይባስ ብሎ በብዙ ስቴት በቆየ ዕዳ ላይ ትንሽ ክፍያ መላክ ዕዳውን እንደ ማመን ተቆጥሮ የክስ ይርጋውን እንደገና ያስጀምራል። የሚጠብቅህ በጽሑፍ የተፈረመ የክፍያ ስምምነት ነው። በሜሪላንድ የሆስፒታል ዕዳ ላይ በገቢ የሚሰላ ስምምነት መጠየቅ ይቻላል፣ ወርሃዊው ክፍያ ከወር ገቢ 5 በመቶ እንዳይበልጥ ተደርጎ። በ41,200 ዓመታዊ ገቢ ይህ በወር ከ171 ዶላር ገደማ አይበልጥም። ግን ይህ የመጨረሻ አማራጭ ነው። ነፃ ሊባል የሚችልን ቢል በስምምነት አትፈርምበት።

አሁን ወደ ሐኪሙ ቢል። 1,486 ሲቀነስ 410 እኩል 1,076። ከኔትወርክ ውጭ የሆነው (ከኢንሹራንሱ ጋር ውል የሌለው) ድርጅት የኢንሹራንሱን ክፍያ ተቀብሎ ቀሪውን በሙሉ አንተ ላይ ጫነው ማለት ነው። ይህ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ ኖ ሰርፕራይዝስ አክት በሚባለው የፌዴራል ሕግ የተከለከለ ነው። በድንገተኛ ሕክምና ሐኪሙ ከኔትወርክ ውጭ ቢሆንም የአንተ ድርሻ የሚሰላው በኔትወርክ ውስጥ እንዳለ ተቆጥሮ ነው፤ ኢኦቢው 102.50 ያለው ለዚህ ነው (ኢንሹራንሱ የተቀበለው ዋጋ 512.50፣ ከዚያ 20 በመቶ)። ልዩነቱን 973.50 ሐኪሙና ኢንሹራንሱ ይከራከሩበት፤ አንተን አያገባህም።

"ስትገቡ ፈርማችኋል" ይሉህ ይሆናል። ታማሚው ገና ባልተረጋጋበት የድንገተኛ ሕክምና ላይ መብትን የሚያስቀር ፊርማ አይሠራም። ለራዲዮሎጂ፣ ለማደንዘዣ፣ ለፓቶሎጂና ለላብራቶሪ ደግሞ በኔትወርክ ያለ ሆስፒታል ውስጥ እስከሆነ ድረስ በቀጠሮ ለተሠራ ሕክምና እንኳ አይሠራም።

ደውለህ የምትለው አጭር ይሁን፦ "ይህ ድንገተኛ ሕክምና ነው፣ በኖ ሰርፕራይዝስ አክት ይሸፈናል፣ ኢኦቢው ላይ የእኔ ድርሻ 102.50 ነው፣ አካውንቱን አስተካክላችሁ አዲስ ስቴትመንት ላኩልኝ።" የኢኦቢውን ኮፒ በሰርቲፋይድ ሜይል ከነመቀበያው ላክ። እምቢ ካሉ በ1-800-985-3059 ለፌዴራሉ የኖ ሰርፕራይዝስ መስመር አቤት በል፣ ለኢንሹራንሱም አሳውቅ።

ራዲዮሎጂው ላይ ደግሞ "ኢንሹራንሱ አልከፈለም" ብቻ አይበቃም፤ ለምን? ኢንሹራንሱ ለሐኪሙ በሚልከው የክፍያ መግለጫ ላይ የምክንያት ኮድ አለ፤ ደውለህ "የመለሰበትን ኮድ አንብቡልኝ" በል። በሲኦ የሚጀምር ከሆነ በኔትወርክ ያለ ሐኪም ያንን ገንዘብ ካንተ አይጠይቅም። በፒአር የሚጀምር ከሆነ ወደ አንተ የዞረ ነው፤ ፒአር-1 ዲደክቲብል፣ ፒአር-2 ኮኢንሹራንስ፣ ፒአር-3 ኮፔይ (በየሕክምናው የሚከፈል ቁርጥ መጠን)። ቁጥሩ 16 ከሆነ መረጃ ጎድሏል፣ 22 ከሆነ "ሌላ ኢንሹራንስ ሳይኖር አይቀርም" ብለው ጠርጥረዋል፣ 29 ከሆነ ክሌሙ (የክፍያ ጥያቄው) ዘግይቶ ደርሷል፣ 50 ከሆነ "ሕክምናው አያስፈልግም ነበር" ነው።

የእኛን ሰው ደጋግሞ የሚይዘው 31 ነው፦ "እንዲህ የሚባል አባል የለንም።" ለምን እንደሆነ መገመት አይከብድም። ፓስፖርቱ ላይ ላስት ኔም የአያት ስም ነው፣ ኢመርጀንሲ ሩም ስትገባ የመዘገባት ሰው የአባቷን ስም ላስት ኔም አደረገው፤ ሆስፒታሉ ካርዱን ስካን ስላደረገ የራሱን አስተካከለ፣ ራዲዮሎጂው ጋ የሄደው ግን የመጀመሪያው ነው። ወይም "ጽ"ን አንዱ በቲ-ኤስ ሌላው በቲ-ኤስ-ኢ ጽፎታል። ወይም የልደት ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ገብቶ ሰባት ስምንት ዓመት ልዩነት አለው። ምክንያቱ ይህ ከሆነ አፒል (ይግባኝ) አያስፈልግም፤ አፒል ሁለት ወር ያስጠብቅሃል። ለራዲዮሎጂው ቢል ክፍል ደውለህ ካርዱ ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል ስሙን፣ የአባልነት ቁጥሩንና የልደት ቀኑን አስጽፈህ "ሪቢል አድርጉ" (ለኢንሹራንሱ እንደገና ላኩ) በል። ዛሬ ነገ አትበል። ሐኪሞች ክሌም የሚያስገቡበት የኮንትራት ጊዜ አላቸው፤ ትክክለኛውን መረጃ አዘግይተህ ሰጥተህ ጊዜው ካለፈ "ጥፋቱ የታማሚው ነው" ሊሉ ይችላሉ።

ኢንሹራንሱ "አደጋ ደርሶብሽ ነበር?" የሚል መጠይቅ ልኮ እንደሆነም ፖስታህን ፈትሽ። ያ ወረቀት እስኪመለስ ክሌም የሚያግዱ አሉ፤ መልሱ "አይ፣ የመኪናም የሥራም አደጋ አይደለም" ብሎ ፈርሞ መላክ ብቻ ነው።

እውነተኛ ክልከላ ለደረሰባችሁ ሌሎች፣ ማለትም 50 ወይም "ቅድመ ፈቃድ አልተጠየቀም" ለተባላችሁ፦ የክልከላው ደብዳቤ ከደረሳችሁ ጀምሮ 180 ቀን አላችሁ። ሕክምናው ከተሰጠ በኋላ ላለ አፒል ኢንሹራንሱ በ60 ቀን፣ ሕክምናው ገና ከሆነ በ30 ቀን፣ አስቸኳይ ከሆነ በ72 ሰዓት መልስ መስጠት አለበት። ደብዳቤያችሁ ላይ ስሜት ሳይሆን የሐኪሙን ማስታወሻ አያይዙ። የተከለከላችሁበትን መመሪያና ፋይላችሁን በነፃ የማግኘት መብት ስላላችሁ በቅድሚያ እሱን ጠይቁ፤ ሐኪሙ የሚጽፈው ደብዳቤ የዚያን መመሪያ ነጥቦች አንድ በአንድ የሚመልስ ካልሆነ አይረባም። ሁለተኛም እምቢ ካሉ በአራት ወር ውስጥ ወደ ውጭ ገለልተኛ ገምጋሚ ይኬዳል። እሱ የወሰነውን ኢንሹራንሱ ይፈጽማል።

ታክስና_ማርኬትፕሌስ

ስለ ገቢው ልጨምር፤ ዋናው ጉዳይ እሱ ነው።

1099-ኬ ላይ ያለው 79,400 ተሳፋሪው የከፈለው ጠቅላላ ነው። ኡበር የቆረጠው ኮሚሽን ራሱ ውስጡ አለ፤ አንተ እጅ ገብቶ የማያውቅ ገንዘብ ነው። ከዚያ ላይ ማይሉ ይቀነሳል፣ የ2025 ተመን በማይል 70 ሳንቲም ነው። የሚቀረው የሼጁል ሲ መስመር 31 ነው፣ 41,200። ሆስፒታሉም ማርኬትፕሌሱም ከግል ሥራ ገቢ የሚፈልጉት የተጣራውን ነው። የሆስፒታል ማመልከቻ ላይ "ግሮስ ኢንካም" የሚል ሣጥን ሲያዩ 1099ኙን የሚገለብጡ ሹፌሮች ብዙ ናቸው። ሣጥኑ ውስጥ የተጣራውን ጻፍና ጎኑ ላይ "የግል ሥራ፣ ሼጁል ሲ መስመር 31 ተያይዟል" በል።

ማርኬትፕሌሱ ላይ የደረሰብህ ጉዳት ከዚህ ይብሳል። 79,400 ለአራት ሰው የድህነት መስፈርቱ 247 በመቶ ነው። ሲልቨር ፕላን ዲደክቲብሉ የሚወርደው በገቢ ደረጃ ነው፦ ከ200 እስከ 250 በመቶ ያለው ቅናሽ ከምንም አይቆጠርም፣ ከ100 እስከ 150 በመቶ ያለው ግን ትልቁ ነው። ያው ፕላን፣ ያው ካርድ፣ ዲደክቲብሉ ግን 4,000 መሆኑ ቀርቶ ጥቂት መቶ ወይም ዜሮ ሊሆን ይችላል። በ41,200 የአንተ ቦታ 128 በመቶ ገደማ ነው፤ የሰልፍ ኢምፕሎይመንት ታክሱ ግማሽ ሲቀነስ እንዲያውም ወደ 119 ይወርዳል። ስለዚህ ዛሬውኑ አካውንትህ ውስጥ ገብተህ የገቢ ለውጥ አስመዝግብ። አዲሱ ዲደክቲብል የሚጀምረው ከቀጣዩ ወር ነው፤ ላለፈው ሆስፒታል አይሠራም። ዓመቱ ሲያልቅ በፎርም 8962 በትርፍ የከፈልከው ፕሪሚየም (የኢንሹራንሱ ወርሃዊ ክፍያ) ይመለስልሃል፣ የዲደክቲብሉ ልዩነት ግን አይመለስም። ለዚህ ነው ገቢን በጠቅላላው መሙላት ዝም ብሎ ጥንቃቄ ያልሆነው።

ወደ ታችም መጠንቀቅ አለብህ። አዋቂ የሜሪላንድ ነዋሪ እስከ 138 በመቶ ሜዲኬድ (ዝቅተኛ ገቢ ላለው የሚሰጥ የመንግሥት ኢንሹራንስ) ያገኛል፣ በዲቪ የመጣ ግን ግሪን ካርዱ አምስት ዓመት እስኪሞላ አይፈቀድለትም። ቀድሞ እንዲህ ያለው ሰው ገቢው ከ100 በመቶ በታች ቢሆንም በማርኬትፕሌስ ድጎማ ያገኝ ነበር፤ በ2025 በወጣው ሕግ ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ ያ ቀርቷል። ለ2026 ኢንሹራንስ የሚያገለግለው ወለል የ2025ቱ 32,150 ነው። የታክስ ባለሙያህ ወጪ አብዝቶ የተጣራውን ከዚያ በታች ቢያወርደው ድጎማው በሙሉ ሊሄድ ይችላል። የምር ያልወጣ ወጪ አታስገባ፤ ከመፈረምህ በፊትም የተጣራው ቁጥር ከዚህ ወለል አንጻር የት እንዳለ አይ።

ልጆቹን ከማርኬትፕሌስ አውጣቸው። ሜሪላንድ ሕጋዊ ነዋሪ የሆኑ ልጆችንና ነፍሰ ጡሮችን አምስት ዓመት አታስጠብቅም፤ ልጆች እስከ 322 በመቶ፣ ነፍሰ ጡር እስከ 264 በመቶ ይገባሉ። ያው አንድ ማመልከቻ ነው፣ ገቢውን ስታስተካክል ሲስተሙ ራሱ ይለያቸዋል።

ግሪን ካርዱን በተመለከተ፦ የሆስፒታል ፋይናንሻል አሲስታንስ የሆስፒታሉ የራሱ ቅናሽ ነው፣ የመንግሥት ድጎማ አይደለም። "የሕዝብ ሸክም" የሚባለው ፈተና ግሪን ካርድ ለሚያመለክት ሰው ነው፤ ዜግነት ሲጠየቅ የለም። ግሪን ካርድ ያለውን ሰው ሊያነሳበት የሚችለው ከ180 ቀን በላይ ከአገር ወጥቶ ሲመለስ ነው። ፋይል የሚያበላሸው የተለያየ ቦታ የተለያየ ገቢ መጻፍ ነው፣ ስለዚህ ሦስቱም ቦታ (ታክስ፣ ማርኬትፕሌስ፣ ሆስፒታል) አንድ ቁጥር ይኑር።

ሲያትል_ነኝ

ዋሽንግተን ስቴት ላላችሁ፣ ቁጥሩ ከሜሪላንድ ይለያል። ከጁላይ 2022 ጀምሮ ትልልቆቹ የሆስፒታል ሲስተሞች እስከ 300 በመቶ ሙሉ በሙሉ፣ ከ301 እስከ 350 ሦስት አራተኛ፣ ከ351 እስከ 400 ግማሽ ይቀንሳሉ። እዚህ ዋጋ የሚተምን ኮሚሽን ስለሌለ ከዚያ በላይ ገቢ ላለው ድርድር ይሠራል፤ ኢንሹራንስ የሌላችሁ ኮዶች ያሉበትን ዝርዝር ቢል ሳትጠይቁ ግን አትጀምሩ። ለምሳሌ ውኃ ለመተካት የተሰቀለ ግሉኮስ (ኮድ 96360) ቢያንስ 31 ደቂቃ ካልሄደ አይጠየቅም፤ የተጀመረበትና የቆመበት ሰዓት ነርሷ ማስታወሻ ላይ ከሌለ ኮዱ መሠረት የለውም።

ሹፌር_ሲልቨርስፕሪንግ

በጣም አመሰግናለሁ። ሁለት ነገር ልጠይቅ። አምቡላንሱን ደግሜ ሳየው የላከው የሞንትጎመሪ ካውንቲ ነው፣ ከጀርባው የኢንሹራንስ ቁጥር ሙሉና ፈርሙ ይላል። ሌላው፣ ሆስፒታሉ ጋ ስደውል ሴትዮዋ "ፔይ ስታብ (የደመወዝ ወረቀት) ከሌለህ ማመልከት አትችልም" አለችኝ። እንግሊዝኛዬም ስልክ ላይ እምብዛም ነው።

ቢል_አንባቢ

የአምቡላንሱ ቀላል ነው። ካውንቲው 911 ለወሰደው ነዋሪ ኢንሹራንሱን ያስከፍላል፤ ነዋሪው ከኪሱ ኮፔይም ዲደክቲብልም አይከፍልም። የመጣው መረጃ መጠየቂያ ስለሆነ ሞልተህ፣ ፈርመህ መልስ። ኢንሹራንሱ ቼኩን በስህተት በባለቤትህ ስም ቤት ከላከው ግን የካውንቲው ገንዘብ ስለሆነ ማስተላለፍ አለባችሁ፤ ያን ቼክ ካሽ ያደረገ ሰው የምር ዕዳ ይገባል። ከሆስፒታል ወደ ሆስፒታል በግል አምቡላንስ የተዛወረ ሰው ጉዳይ ሌላ ነው፣ የመሬት አምቡላንስ በፌዴራሉ ኖ ሰርፕራይዝስ አክት ውስጥ አልገባም።

ፔይ ስታብ የለኝም ማለት ገቢዬን ማሳየት አልችልም ማለት አይደለም። 1040ውን ከነሼጁል ሲ አያይዝ፣ ከዚያ ያለፉትን ሦስት ወራት ገቢና ወጪ በአንድ ገጽ ጻፍ፦ በየወሩ ከአፑ የገባ፣ የአፑ ኮሚሽን፣ ማይል፣ የተጣራ። ከታች ፈርምበት፣ የአፑን ወርሃዊ ስቴትመንት አያይዝ። ስልክ ላይ የተባለው "አይቻልም" ውሳኔ አይደለም፤ ማመልከቻው ገብቶ በጽሑፍ እስኪመለስልህ የተከለከልከው ነገር የለም።

አስተርጓሚ ለማግኘት ስልኩ እንደተነሳ "አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር ፕሊስ" በልና ጠብቅ። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ሁሉ በነፃ ማቅረብ አለበት፤ ኢንሹራንሱም እንዲሁ። ልጆችህን አታስተርጉም፣ እነሱም ልጅን አስተርጓሚ እንዲያደርጉ አይፈቀድላቸውም። ፖሊሲው በአማርኛ ተተርጉሞ እንደሆነም ጠይቅ፤ ሆስፒታሉ በሚያገለግለው አካባቢ ቋንቋውን የሚናገሩና እንግሊዝኛ የሚቸግራቸው ሰዎች 1,000 ወይም 5 በመቶ (ያነሰው) ከደረሱ መተርጎም ግዴታ ነው።

ውድቅ ካደረጉት ምክንያቱን በጽሑፍ ተቀበልና የሜሪላንድ አቃቤ ሕግ ቢሮ ውስጥ ላለው የጤና ትምህርትና ጥብቅና ክፍል (ኤች ኢ ኤ ዩ) ስጠው። በነፃ ይይዙታል፣ በሆስፒታል ቢልም በኢንሹራንስ አፒልም።

ኮድ_ቆጣሪ

አንድ ነገር ተረስቷል። ከአራቱ አንዱ በመሃል ኮሌክሽን ቢሄድ አትደንግጥ። ኮሌክተሩ የመጀመሪያውን ማሳወቂያ ከሰጠህ በ30 ቀን ውስጥ "ዕዳውን እቃወማለሁ፣ አረጋግጡ" ብለህ በጽሑፍ ላክ፤ ማረጋገጫ እስኪልኩ ማሳደድ ማቆም አለባቸው። ስልክ ላይ "አዎ የእኔ ነው፣ ትንሽ ጊዜ ስጡኝ" አትበል። ሦስቱ የክሬዲት ቢሮዎች ከ500 ዶላር በታች ያለን የሕክምና ኮሌክሽን ከኤፕሪል 2023 ጀምሮ አያሳዩም፣ ከዚያ በላይ ያለውንም ዓመት ሳይሞላው አያስገቡም፣ የተከፈለውን ያወጡታል። ስለዚህ የራዲዮሎጂው 318 ክሬዲትህን ያበላሻል ብሎ የሚያስፈራራ ቢደውል እየዋሸ ነው። ሪቢሉን ብቻ ተከታተል፤ ከ30 ቀን በኋላ ለራዲዮሎጂው ሳይሆን ለኢንሹራንሱ ደውለህ "አዲሱ ክሌም ደርሷችኋል ወይ፣ የክሌሙ ቁጥር ስንት ነው?" ብለህ ጠይቅ። ቁጥር ካልሰጡህ አልተላከም ማለት ነው።